የለመድነው ሲለወጥ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት በልጅነቴ ስሰማ፥ የሰነፍ ሰው ማመካኛ ይመስለኝ ነበር። በአሰላ ከተማ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ በመንግሥት ሥራ በተቀጠርሁ ጊዜም፥ ኮምፒዩተር መነካካት የምወድ፥ አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው ይበልጣል ብዬ የማምን ወጣት ነበርሁና፥ ይህን ተረት የሚጠቅሱትን ታላላቆቼን በልቤ እታዘባቸው ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ 36 ዓመት ሆኗል። ተረቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው ባልልም፥ የሰነፍ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁበትን ነገር ለአንባቢዎች ለማጫወት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ በ2018 ዓ. ም. በጥቅምት ወር የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተሮች የሚታዘዙበት ዋናው ፕሮግራም፥ ባለሙያዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፥ በአዲስ ይለወጣል ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለውጡ ቅዳሜና እሑድ ተፈጸመ። ሰኞ ጠዋት፥ የጭላሎ ብርድ ገና ከትከሻዬ ሳይወርድ፥ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁና ማሽኑን አበራሁት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ገጽ የማላውቀው ሰው ፊት መሰለኝ። እጄ በየቀኑ ሳላስብ የሚሄድበት ምልክት በቦታው የለም፤ ቃል ተጽፎበት የነበረው ስፍራ ምን እንደ ሆነ በማይታወቅ ትንሽ ሥዕል ተተክቷል። የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ለማተም እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ደከምሁ። በመጨረሻም ማሽኑን የማጠፋበት ጠፍቶኝ ስዳክር፥ ለሥራ ልምምድ የመጣች ልጅ፥ «ጋሼ፥ እዚህ ጋ እኮ ነው!» ብላ በጣቷ አሳየችኝና ሳቀች።

ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበረ። እኔ ግን ስሰማው ደነገጥሁ። ከስድስት ዓመት በፊት፥ በዚያው ክፍል፥ በዚያው መስኮት አጠገብ፥ ያንኑ ሳቅ የሳቅሁት እኔ ራሴ ነበርሁና።

ያን ጊዜ የሳቅሁባቸው የቢሮአችን ጸሐፊ ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ሙያቸውን የተማሩት በጽሕፈት መኪና ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ከ200 የሚበልጡትን ፊደሎቻችንን ሁሉ በየራሳቸው ቁልፍ ልትይዝ ስለማትችል፥ ዋናውን ፊደል ከመቱ በኋላ ቅጥያውን ለብቻ መትቶ መግጠምን ትጠይቅ ነበር። እትዬ ይህን ሁሉ ቁልፉን ሳያዩ ይሠሩት እንደ ነበር የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ይናገራሉ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ጣቶቻቸው የሚያውቁትን መንገድ ትተው፥ «ሰ»ን ለመጻፍ የላቲኑን «ኤስ» መጫን እንደ ገና ተማሩ። እንግዲህ እኚህ ሴት አዲስ ነገር የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ይህን ግን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

በ2012 ዓ. ም. አሮጌዎቹ ማሽኖች ተነሥተው አዲሶች ሲገቡ፥ ኮምፒዩተር ያውቃል ተብዬ እትዬን እንድረዳ እኔ ተመደብሁ። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። እርሳቸው አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተው፥ የትኛው ነገር ወደ የት እንደ ሄደ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። አንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠይቁኝ ትዕግሥቴ ያልቅና ማውዙን ከእጃቸው ወስጄ በፍጥነት ሠርቼ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እጃቸውን በማውዙ ላይ አጽንተው፥ «ልጄ፥ አንተ ስትሠራው አይቼ ምን እጠቀማለሁ? እኔ ስሠራው አንተ እየኝ እንጂ» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሰሞን፥ «የድሮዎቹ ደብዳቤዎችስ ይከተሉናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁሉም ተገልብጧል እትዬ፥ አያስቡ» አልኋቸው።

በእርግጥም ሁሉም ተገልብጦ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቀን ቆይቼ አንዱን የድሮ ደብዳቤ ስከፍት፥ አማርኛ በነበረበት ላይ የላቲን ፊደላትና ልዩ ልዩ ምልክቶች ያለ ትርጉም ተደርድረው አገኘሁ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ከፈትሁ፤ ያው ነው። ማንንም ሳልጠይቅ፥ ይህ የቫይረስ ሥራ ነው ብዬ ፈረድሁ። አዲሱን ማሽን እንዳይበክል ብዬም ከአራቱ ማኅደሮች አንዱን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። የቀሩትን ሦስቱን በነጋታው ላጠፋ አስቤ ሳለሁ ሌላ ሥራ ያዘኝ። ዛሬ ስለዚያ ሌላ ሥራ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት አሮጊት የመጡት። ባላቸው በመሥሪያ ቤታችን ለብዙ ዓመታት ጥበቃ ሆነው ያገለገሉና በዚያው ዓመት ያረፉ ሰው ናቸው። ለተተኪ ጡረታ የባላቸው የአገልግሎት ማስረጃ ስለ ተጠየቀ፥ ያንኑ ፈልገው ነው የመጡት። የእኛ መሥሪያ ቤት የፌዴራል መንግሥት ቅርንጫፍ እንደ መሆኑ ከአዲስ አበባ ጋር በአማርኛ ይጻጻፋል፤ ሴትዮዋ ግን አፋን ኦሮሞ ብቻ ነበር የሚናገሩት። እኔም በቋንቋቸው፥ «አዴ፥ ወረቀቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተበላሽቷል፤ ሳምንት ይምጡ» አልኋቸው። በሳምንቱ መጡ፤ አሁንም ሳምንት ይምጡ አልኋቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ዝናብ ነበረና ነጠላቸው ከትከሻቸው ጋር ተጣብቆ ነበር። የቁጣ ቃል አልተናገሩም፤ «ኢልመ ኮ፥ የሰውዬው ሥራ እውነት ነበረ፤ ወረቀቱ እንዴት ይበላሻል?» ብቻ አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ይህን እትዬ ከወዲያ ጠረጴዛ ሰሙት። ተነሥተው መጡና፥ «እስቲ ያን የተበላሸውን አሳየኝ» አሉኝ። ከቀሩት ማኅደሮች አንዱን ደብዳቤ ከፈትሁላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና፥ «ይህ ቫይረስ አይደለም፤ ይህ የእኔ ደብዳቤ ነው» አሉ። እኔም፥ እንዴት አወቁ? አልኋቸው። «ቁጥሮቹን አታይም? በቀኝ በኩል ከላይ ያለው የደብዳቤው ቁጥር ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀኑ ነው፤ ዓመቱም 1996 ይላል። ይኸ ከሥሩ የተሠመረበት ደግሞ ጉዳዩ የሚለው ነው። ደብዳቤውን ስጽፍ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የማሠምረው። ፊደሉ ልብሱን ለወጠ እንጂ ሰውዬውስ ያው ነው» አሉኝ።

አንባቢዎች የነገሩን ምሥጢር እንዲረዱ ጥቂት ላብራራ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ዘመን ለግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ስላልተመደበለት፥ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁልን አገር ወዳድ ባለሙያዎች የላቲን ፊደላት በሚኖሩባቸው ቁጥሮች ላይ የእኛን ፊደላት ሥዕል አስቀመጡ። ሥዕሉን የያዘው ፎንት የሚባለው ነው። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ ከሌለ ግን ማሽኑ በዚያ ቁጥር የሚያውቀውን የላቲን ፊደል ያወጣል። አንዱ ፎንት ሁሉንም ፊደል አልችል እያለም፥ ሁለት ፎንት ተደርቦ ይሠራበት የነበረበት ጊዜ ነበረ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ዓ. ም. ነው፤ በዚያ ጊዜ 345 ፊደላት፥ አኃዞችና ምልክቶች የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ መዝገቡ ተዘጋጀ ማለት በየቢሮው ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ጻፈ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌው ስልት ሲጻፍ ኖሯል። አዲስ ማሽን ሲገባ አሮጌውን ፎንት ማምጣት የዘነጋ ሰው፥ እንደ እኔ፥ የገዛ ቋንቋውን ቫይረስ ነው ይላል።

እትዬ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በእጃቸው ጻፉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ በመናኸሪያው አጠገብ ካለ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቅ፥ አሮጌ ማሽን ካላቸው ሰዎች ዘንድ፥ ፎንቱን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ጭኜ ደብዳቤውን ስከፍተው፥ ያ ሁሉ የላቲን ውጥንቅጥ በአንድ ጊዜ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የሟቹ ስም፥ የተቀጠሩበት ዘመን፥ ደመወዛቸው፥ ሁሉም በቦታው አለ። እትዬ ምንም አላሉኝም። ይልቁን ከወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ቁጥሩን አመሳክረው የወረቀቱን ቅጂም ከመጋዘን አወጡ። ሴትዮዋ ለአራተኛ ጊዜ መጥተው ማስረጃቸውን ተቀበሉና በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁን። የእኔ ምርቃት ግን በጉሮሮዬ ተሰንቅሮ ቀረ። ያጠፋሁት አራተኛው ማኅደር ትዝ ብሎኝ ነበርና።

ስለ ለውጡ ራሱም ከዚህ በኋላ ሳነብ ቆየሁ። ችግሩ የአሰላ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ዊንዶውስ 95 በነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ. ም. ሲወጣ «ስታርት» የሚባለውን ቁልፍ በግራ ማዕዘን አኖረ፤ ዓለም ሁሉ ሥራውን ከዚያ መጀመርን ለመደ። ከ17 ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት 2005 ዓ. ም. ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ቁልፉ ከዚያ ማዕዘን ተነሣ። ከየአገሩ ቅሬታ ስለ በዛ በዓመቱ በተከተለው እትም ቁልፉ ተመለሰ። በ2014 ዓ. ም. መስከረም ወር የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ወደ መሐል አዛወረው፤ የፈለገ ሰው ግን ወደ ግራ ሊመልሰው ይችላል። ለእኛ ለአርሲዎች የሚቀርብ ሌላም ምሳሌ አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው የግዕዝ ፎንት «ኒያላ» ይባላል፤ ስሙም የአርሲና የባሌ ደጋ ጌጥ ከሆነው ከደጋ አጋዘን የተወሰደ ነው። በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ከተጨማሪ ፎንቶች ተራ ገባና ፈልጎ ለሚጭነው ብቻ የሚገኝ ሆነ። ኒያላን ለምዶ የኖረ ዓይን፥ አንድ ቀን ጠዋት የገዛ ደብዳቤው በሌላ እጅ የተጻፈ ሲመስለው ቢደናገር አይፈረድበትም።

ታዲያ ለውጥ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ለውጥ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ለመረዳት ለአርሲ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደሚርቀው ወደ ቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ብቅ ማለት ይበቃዋል። በደጋችን «ኩብሳ» የሚባለው የስንዴ ዘር ለብዙ ዘመን ተወዶ ተዘርቷል፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ. ም. ግን ቢጫ ዋግ ተነሣና መታው። «ዲገሉ» የሚባለው ዘር ቢጫውን ዋግ ሲቋቋም፥ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ እርሱን ጣለው። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሽታው ነው። ስለዚህ ገበሬው የቱንም ያህል ቢወደው የትናንቱን ዘር ሁልጊዜ ሊዘራ አይችልም።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሠሪው ጥበቃውን ያቆመበት አሮጌ ፕሮግራም ዋግ እንደ ነካው ስንዴ ነው። ለዊንዶውስ ኤክስ ፒ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ. ም.፥ ለዊንዶውስ 7 በጥር 5 ቀን 2012 ዓ. ም.፥ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. አብቅቷል። ጥበቃ ማጣት ምን እንደሚያስከትል በግንቦት 2009 ዓ. ም. ታይቷል፤ «ዋናክራይ» የተባለው የኮምፒዩተር ወረርሽኝ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ተሠራጭቶ ያልታደሱ ማሽኖችን ሲቆልፍ፥ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። መከላከያው ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። አሳድሱ ሲባል እምቢ ያለ ሰው ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ነገር ግን ነገሩን ከሌላው ወገንም እንመልከተው። ለገበሬው አዲስ ዘር ሲሰጡት ዋጉን እንዲቋቋምለት ነው፤ በዚያው ሰሞን ዕርፉን ከሞፈሩ ነቅሎ በሌላ ወገን ተክሎ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያዝ» የሚለው የለም። ዘሩ ይለወጥ፤ ዕርፉ ግን ከእጁ ቦታ ምን አስነሣው? እኛን ያደከመን ከበሽታው የሚጠብቀን ለውጥ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው፥ ስፍራና መልክ መቀያየሩ ነው። ደግሞም ዕውቀት ሁሉ በራስ ውስጥ ብቻ አይኖርም፤ የሠራተኛ ዕውቀት እኩሌታው በጣቱ ነው። ቁልፉን ከቦታው የሚያነሣ ሰው፥ ሳያስበው የሌላውን ሰው የ20 ዓመት ዕውቀት ያነሣበታል።

በአገራችን በአርሲ ከዚህ የከበደ ትምህርትም አለ። ካዱ ተብሎ የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1960 ዓ. ም. ሥራውን ሲጀምር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ የገበሬውም ምርት አደገ። በዚያው ዘመን ግን ትራክተር በበዛ ቁጥር ብዙ ባለ መሬቶች መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ስለ ጀመሩ፥ ጭሰኞች ከኖሩበት ተነሡ። ለውጡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ዋጋውን የከፈለው ያላዘዘው ሰው ነበረ። የእኛ የቢሮ ነገር ከዚያ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ሆኖም በዝናብ ሦስት ጊዜ የተመላለሱትን እናት ሳስብ ጥያቄው አንድ ይመስለኛል፦ ለውጡን የሚያዝዘው ማነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማነው?

ስለ አራተኛው ማኅደር እንድትጠይቁኝ ሳልጠብቅ ልናገር። የጠፉትን ደብዳቤዎች ለመመለስ ብዙ ሞከርሁ፤ ማሽኑ በላያቸው ሌላ ስለ ጻፈባቸው አልተቻለም። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሁለታችንም ከሰዓት በኋላ በምናገኘው ትርፍ ጊዜ ከመዝገቡ ቁጥር እየለቀምን የወረቀት ቅጂዎችን ከመጋዘን ፈለግን። ብዙዎቹን አገኘን፤ ቅጂ ያልተገኘላቸው ግን አሉ። የማን እንደ ሆኑ አላውቅም። ምናልባት እስከ ዛሬ ያልመጣ፥ አንድ ቀን ግን የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል። በሩ ሲንኳኳና እድሜው የገፋ ሰው ወረቀት ፈልጌ ነው ሲለኝ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የደብዳቤውን ዓመት እጠይቃለሁ።

በዚህ ዓመት ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት ለአለቃዬ አንድ ማስታወሻ ጻፍሁ። አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች በምን ፎንት እንደ ተጻፉ ይመዝገብ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚለወጡት ይለወጡ፤ ምንም ነገር ለሦስት ወር አይጥፋ፤ ከሠራተኞች ሁሉ እድሜአቸው የገፋው ቀድመው ይማሩ፤ ሲማሩም ማውዙ በእጃቸው ይሁን የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተፈጸሙ። አራተኛው በጊዜ ማጣት ሳይፈጸም ቀረ። ከዚህ የተነሣ ነው በዚያች ሰኞ ጠዋት እኔም የሣቅ መነሻ የሆንሁት።

ያችን ልጅ ሳቋን ስትጨርስ፥ «በይ እንግዲህ ወንበርሽን ሳቢና ተቀመጪ፤ እኔ ስሠራው አንቺ እዪኝ» አልኋት። ግራ ገባትና ተቀመጠች። እኔም እንደ እትዬ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ነበርና ገልጬ፥ የትኛው ነገር ወደ የት እንደ ሄደ በእርሳስ መጻፍ ጀመርሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ገጽ ሞላሁ።